የቀረውን ልጅ ማን ጠየቀ? የይፋት ቆላ ተማሪዎች፣ ጭንቀታቸውና አይዞህ ባዮቻቸው

በመስከረም 2012 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እናስብ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሁለተኛ ክፍል በገባበት ዓመት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013፣ በአጣዬና በዙሪያዋ በተነሣው ግጭት ሰው አለቀ፣ ቤት ነደደ፣ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ሸሸ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገባ። የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ በዚያው ወር የመንግሥት ጦር መልሶ ያዛት። በጥር 2015 በጀውሃና በአጣዬ ዙሪያ ዳግመኛ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መላው የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ይህ ልጅ ክፍል ሳይደግም ቢያልፍ ኖሮ በ2017 ስድስተኛ ክፍል ይደርስ ነበር። ከስድስቱ ዓመታት ግን አንዱን እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰላም አልተማረም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል እንበል። መምህሩ ስም ይጠራል። የልጁ ስም ላይ ሲደርስ አቤት የሚል የለም። መምህሩ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግብና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከዚያች ምልክት በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። የይፋት ቆላ የትምህርት ታሪክ ብዙ ጊዜ በድርቅ፣ በድህነትና በጦርነት ይተረካል፤ ልክም ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ታሪክ ውስጥ እምብዛም ያልተወራለት ሌላ ክር አለ። ልጅ በፍርሃትና በሐዘን ከትምህርት ሲቀር፣ ወደ ክፍሉ ሲመልሰው የኖረው ከደንብና ከቅጣት ይልቅ መቅረቱን አይቶ የጠየቀ አንድ ትልቅ ሰው ነው።

የኔታና ሸሁ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማበር አናት ወደ ታች ሲወርዱ ብርዱ ይቀራል፤ ገብሱ ለማሽላና ለሽንኩርት ቦታውን ይለቃል፤ አማርኛው ከአርጎብኛና ከኦሮምኛ ጋር ይቀላቀላል። የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ትልልቅ የትምህርት ሥርዓቶች መገናኛ ነበር። ከደጋው በኩል የቤተ ክርስቲያኑ የፊደል፣ የዳዊት፣ የዜማና የቅኔ ትምህርት አለ። በቆላው በኩል ደግሞ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት ያወረሰው የቁርኣንና የኪታብ ትምህርት አለ። ይህ ወግ ከዘመናት በኋላም አልደከመም፤ ከይፋት በስተሰሜን ያለችው ሾንኬ በ1937 እ.ኤ.አ. ባረፉት በሼህ ጀውሀር ዘመን የታወቀች የዕውቀት መንደር ነበረች።

በሁለቱም ወገን ተማሪው ከቤቱ ርቆ ነበር የሚማረው። ቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ምግቡን ከየደጃፉ ይለምናል። ደረሳውም በሸሁ አጠገብ ሰፍሮ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ይኖራል። ልጅነቱን በናፍቆትና በረኃብ ያሳለፈው ተማሪ ብዙ ነው። አለንጋው ጨካኝ ነበር፤ ደጋግሞ የሚኮበልል ልጅ በእግር ብረት የታሰረበት ዘመንም አለ። ሴት ልጆች ከሞላ ጎደል ከዚህ ዕድል ውጭ ነበሩ። ያን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ማሰብ አለበት።

ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ የጠፋብን አንድ ነገር ነበር። የኔታ ወይም ሸሁ ተማሪውን በስሙ፣ በአባቱ፣ በአገሩና በጠባዩ ያውቁታል። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፤ ሎሑን ያስነብባል፤ ሲታመም ውኃ ያቀርብለታል። አንድ ልጅ ጠዋት ከጉባኤው ቢጠፋ እስከ ማታ ድረስ «የት ሄደ?» የሚል ሰው አይታጣም። መንደሩም ለተማሪ ቁራሽ መስጠትን እንደ ጽድቅና እንደ ሰደቃ ስለሚያየው፣ ልጁ ከዘመዶቹ ቢርቅም ፈጽሞ ባለቤት የሌለው አልነበረም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለዚህ ጥበቃ ቦታ ሳይበጅለት ቀረ።

መንገዱና ስም መጥሪያው

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጣርማበርን ተራራ ሰንጥቆ ያለፈው ዋሻና ወደ ደሴ የተዘረጋው መንገድ የይፋትን ቆላ ከማዕከሉ ጋር አስተሳሰረው። ከ1933 ድል በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህን መንገድ ተከትለው በየከተማው ተተከሉ። ከገጠር የመጣው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄድና ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ወላጅ ልጁን ሲልክ ከእርሻው አንድ ጥንድ ክንድ እንደሚቀንስ ያውቃል። እንዲህ ተከፍሎበት የሄደ ልጅ ደግሞ ቢከፋውም ከፋኝ ብሎ ለመናገር አይደፍርም።

በትምህርት ቤቱ በኩል የተማሪ መኖርና አለመኖር የሚታወቀው በስም ጥሪ ሆነ። የቀረ ተማሪ በማግስቱ «ለምን ቀረህ?» ይባላል፤ ነገር ግን መልሱን የሚሰማው ብዙ ጊዜ አለንጋ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያስቀጣውን እውነት ደብቆ የማያስቀጣ ምክንያት መፈለግን ተማረ። «አሞኝ ነበር» የሚለው መልስ ያኔም ዛሬም በይፋት ክፍሎች ውስጥ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

አገሩ ልጆቹን የሚያስደነግጥበት ምክንያት አላጣም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ትልቅ አደጋ ነበር፤ ማጀቴ ክፉኛ ፈረሰች፤ ንዝረቱም ለወራት ቀጠለ። የምሁራኑ መዝገብ ስንጥቁንና የፈረሰውን ቤት በጥንቃቄ ይዞታል። በጣሪያ ሥር ለመተኛት የፈራውን ልጅ ግን የመዘገበ አልነበረም።

ፍርሃት ክፍሉን ሲያራቁት

ከ1966 አብዮት በኋላ ትምህርትና ፖለቲካ ተሳሰሩ። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ገበሬና የቤት እመቤት ፊደልን አስተዋወቀ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። በእነዚያው ዓመታት ግን የቀይ ሽብር ግድያ ከየቤቱ ወጣት ወሰደ። ወንድሙ የተገደለበት ልጅ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ መፈክር ማሰማት ነበረበት። ሐዘኑን በግልጽ ማዘን እንኳ ያስጠረጥር ነበር።

ቀጥሎ ረኃቡ መጣ። በ1977 የአንጾኪያ ሸለቆ ሞት የነገሠበት የእርዳታ መጠለያ ሆነ፤ ወርልድ ቪዥን የምግብ ጣቢያ የከፈተው እዚያ ነበር። በ1975 የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ሕግ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን የሚመለከት ቢሆንም፣ በተግባር አፈሳው ከዚያ ያነሱትንም አላለፈም። ቁመቱ የረዘመ ልጅ ገበያ መውጣት፣ ትምህርት ቤት መሄድ፣ በዋናው መንገድ ዳር መቆም ይፈራ ነበር። መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» የተባለ ወጣት ምናልባት ሌሊቱን በማሽላ ማሳ ውስጥ ሲያድር የከረመ ነው። ፍርሃት የይፋትን ክፍሎች ባዶ ያደረገው ያኔም ነው፤ አዲሱ ነገር ፍርሃቱ ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ ለመናገር መጀመራችን ነው።

የቁጥር ዘመን

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሌላ ዘመን ከፈተ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ጥቂት ከፍ በሚል ጊዜ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በአንጾኪያ ገምዛ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ እንኳ ከቤቷ በእግር የሚደረስበት ሆነ። ይህ ትልቅ ድል ነው። የድሉ ዋጋ ደግሞ የተጨናነቀ ክፍል ነው። ሰባና ሰማንያ ልጅ ፊት የቆመ መምህር የሁሉን ስም ለመያዝ እንኳ ይቸገራል፤ የማን ፊት ከትናንት ጠቁሮ እንደዋለ ማየትማ ከአቅሙ በላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱም በ1987 ትልቅ ቃል ገባ። አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም ልምጩ ከብዙ ክፍል ገና አልወጣም። «ወላጅ አምጣ» የሚለውም ትእዛዝ ወላጅ ለሌለው፣ እናቱ አረብ አገር ለሄደችበት፣ አባቱ በግጭቱ ለሞተበት ልጅ «አትምጣ» ከማለት አይለይም። ያን ልጅ ከትምህርት ገበታ ያራቀው ችግሩ ብቻ አይደለም፤ ችግሩን በሰው ፊት የማስረዳት እፍረትም ነው።

ቆላው የራሱ የመቅረት ወቅት አለው። ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበረታ መስከረምና ጥቅምት የትኩሳት ወር ይሆናል። በበጋ በሮቢና በጀውሃ ወንዞች መስኖ ሽንኩርት ሲደርስ የቀን ሥራ ይገኛል። እነዚህን ምክንያቶች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ መምህሩም ይረዳል። ከእነርሱ ጀርባ የተደበቀውን ግን ማየት ይከብዳል። ሽንኩርት ለመልቀም የሄደው ልጅ ሁሉ ለብሩ ብቻ አይሄድም። ከማሳው ማንም አያባርረውም፤ የቤት ሥራ ለምን አልሠራህም የሚለው የለም፤ ከክፍሉ የባሰ ጭንቀት እዚያ አይጠብቀውም።

የተጠናውና የታየው

የልጆች ጭንቀት በገጠር የለም የሚለው ግምት ከብዙ ጊዜ በፊት ፈርሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተመ፣ በአምቦ አካባቢ ወላጆችን በመጠየቅ የተሠራ ጥናት ከመቶ ልጆች 18 ገደማ የሚሆኑት የባሕርይና የስሜት ችግር ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል። በአዲስ አበባ ሠራተኛ ልጆችን ሥራ ከሌላቸው ልጆች ጋር ያነጻጸረው የነዳንኤል ፈቃዱ ጥናት ደግሞ ከሠራተኞቹ አምስት ልጆች አንዱ፣ ከሌሎቹ ግን ስምንት አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት አገኘ። ሁለቱም ጥናቶች የተሠሩት ይህ ሁሉ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነው።

በልጅ ላይ ጭንቀት የሚወጣበት መንገድ ከአዋቂው ይለያል። ልጅ «ተጨንቄያለሁ» አይልም። ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ዩኒፎርሙን ለብሶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ያነበበውን መያዝ ያቅተዋል። በ1941 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሐኪም አደሌድ ጆንሰንና ባልደረቦቿ ከትምህርት የሚኮበልል ልጅንና ከፍርሃት የተነሣ ከቤት መውጣት የሚያቅተውን ልጅ ለይተው ጻፉ። የሁለተኛው ልጅ ፍርሃት በየቀኑ በቀረ ቁጥር ይጨምራል። ዛሬ ሲቀር እፎይ ይላል፤ ነገ መሄድ የበለጠ ይከብደዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ በር ሊያልፈው የማይችለው ግንብ ይሆንበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ወርቅ ናቸው።

በእኛ አገር ወላጅ ይህን ሲያይ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ ጸበል ይወስዳል፤ ሸሁ ዘንድ ወስዶ ዱዓ ያስደርጋል። በሰሜን ሸዋ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚወርደው ሕዝብ ውስጥ ልጁን የያዘ ወላጅ አይጠፋም። እምነቱን ማጣጣል ልጁንም ወላጁንም ያርቃል። ጸበሉ ቦታ አብሮት የሚቆመው ዘመድ፣ ዱዓ የሚያደርጉለት ሸህ፣ በሐዘን ቤት የሚቀመጠው ጎረቤት ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ ይነግሩታል። የጎደለው ከጸበል ሲመለስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲሁ የሚቀበለው ሰው ነው።

በዓለም ላይ በረጅም ጊዜ ከተደረጉ ጥናቶች አንዱ ይህንኑ ያጠናክራል። ኤሚ ቨርነርና ባልደረቦቿ በ1955 እ.ኤ.አ. በሐዋይ ካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለዐሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁና ደግ ሰዎች ሆነው ወጡ። እነዚህን ከሌሎቹ ከለዩዋቸው ነገሮች አንዱ ከወላጅ ውጭ እንኳ ቢሆን የሚያስብላቸው ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር፦ አያት፣ መምህር ወይም ጎረቤት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የመሠረቱት አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃምም ልጆቹን ከቦምቡ ይልቅ ከሚያምኑት ሰው መለየት እንደጎዳቸው ታዝበው ጽፈዋል።

ከጦርነቱ በኋላ

በ2017 የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታውቋል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ያለው ትልቁ ክፍል ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ፣ ስለፈረሰ ወይም መንገዱ ስለማያስኬድ የቀረ ነው። ይህን ሰላም እንጂ የመምህር ደግነት አይፈታውም። ድህነቱንም ቢሆን ጥሩ ቃል አያጠፋውም፤ ምግብ የሌለው ሆድ ምግብ ይፈልጋል፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚሠራው የተማሪዎች ምገባ የቀሩ ልጆችን መመለሱ የሚገርም አይደለም። ሆኖም በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት ድህነት ውስጥ አንዱ ልጅ ሲመጣ ሌላው የሚቀርበት ብዙ ነው። ልዩነቱን ስንፈልግ «ማን ጠየቀው?» የሚለውን ጥያቄ መዝለል የለብንም።

ጠያቂው ራሱ መምህር ነው ብንል፣ መምህሩም በዚያው እሳት ያለፈ ሰው መሆኑን እንዳንረሳ። በ2014 ሸዋ ሮቢትን ለቆ የሸሸ፣ ቤቱ የተዘረፈ፣ ተማሪውን የቀበረ መምህር አለ። ለእርሱ አይዞህ ያላለ አስተዳደር ለልጆቹ አይዞአችሁ እንዲል ሲጠብቅበት ፍትሕ ያጓድላል። የሙያ እገዛውም ሩቅ ነው። የአእምሮ ነርሶችን በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ.፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከሸዋ ሮቢት ለተሻለ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት፣ ተኩስ ባለበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው በእጅ ካለው ሰው መጀመር አለበት። ዚምባብዌ ይህን አሳይታለች። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐራሬ አያቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የተጨነቀውን ሰው እንዲያነጋግሩ አደረገ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ምክሩን ያገኙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ካላገኙት በግልጽ መሻላቸውን አረጋገጠ። ይፋት አያት አላጣችም፤ የዕድር እናት፣ የንስሐ አባት፣ ሸህ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ አላጣችም። ብዙ ልጅ ምስጢሩን ከርእሰ መምህሩ ይልቅ ለዘበኛው እንደሚናገር በትምህርት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ሊደረግ የሚገባው ውድ አይደለም። ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቀር የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወይም የተወከለ ሰው ቤቱ ይሂድ፤ ሲሄድም ክስ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይሂድ። የተመለሰ ልጅ በሰልፍ ፊት አይቁም፤ አይገረፍ፤ ያመለጠውን ትምህርት የሚያሳየው አንድ ጓደኛ ይመደብለት። ወላጅ የሌለው ልጅ ወላጅ አምጣ ሳይባል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሙ የተመዘገበ አንድ አለኝታ ይኑረው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስለ ጣሪያና ስለ አጥር ሲነጋገር ስለቀሩት ልጆችም በስማቸው ይነጋገር። የማይባንን ልጅና በየሌሊቱ የሚባንን ልጅ የሚለይ መምህር ጤና ጣቢያውን በስልክ የሚያገኝበት መንገድ ይበጅለት። ዞኑና ክልሉ ደግሞ ለመምህሩ ደመወዝ፣ ለሥልጠናውና ለራሱ ሐዘን የሚገባውን ያድርጉለት፤ የደከመውን ሰው ብቻውን አሸካሚ አናድርገው።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መምህራን፣ የቀበሌ ኃላፊዎች፣ በውጭ አገር የምትኖሩ የይፋት ልጆች፦ በምታውቁት ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ሳምንት የቀረ አንድ ልጅ አለ። ስሙን ጠይቁ፤ ቤቱን አስፈልጉ፤ ሄዳችሁም «ምን ሆነህ ቀረህ?» ብላችሁ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። ትምህርት ቤት መገንባት የመንግሥት ሥራ ነው፤ የቀረውን ልጅ መጠየቅ ግን የሁላችን ነው።